ምዕራፍ 7፦ የሌሎች ኮድ በምንሸጠው ሶፍትዌር ውስጥ

ሰበታ ሲነሳ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ፋብሪካዎቿን ወይም ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ነው። ከተማዋ የምትታወቅበት ሌላም ነገር አላት፤ መርሐ ዕውራን የተባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚገኘው እዚያ ነው። ዛሬ ለዓይነ ስውር ተማሪ ኮምፒውተር ከብሬል ባልተናነሰ ያስፈልገዋል። ኮምፒውተሩ የሚጠቅመው ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ስክሪን ሪደር፣ ሲጫንለት ነው።

በዊንዶውስ ላይ በስፋት ከሚታወቁት ስክሪን ሪደሮች አንዱ ጃውስ ነው፤ በክፍያ የሚገኝ፣ ሶርስ ኮዱም በአምራቹ ኩባንያ እጅ ብቻ ያለ ዝግ ሶፍትዌር። ሌላው ኤንቪዲኤ ነው። ይህንን ማይክል ኩራን የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 መጻፍ ጀመረ፤ በኋላም ጄምስ ቴህ ተቀላቀለው። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ኤንቪዲኤን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያወርደዋል፤ ፕሮግራመር ከሆነም ሶርስ ኮዱን ከፍቶ ያነባል፣ ያሻሽላል፣ ያሻሻለውንም ለሌላ ይሰጣል። አብሮት የሚመጣው ድምፅ አመንጪ ኢስፒክ ኤንጂ ይባላል። ይህም ኦፕን ሶርስ ነው፤ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መካከልም አማርኛ ይገኝበታል። ድምፁ የሰው ለዛ የለውም። ግን ቦታ አይፈጅም፣ በፍጥነት ያነባል፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል።

እንግዲህ አንዲት የሰበታ ፕሮግራመር የመማሪያ መጻሕፍትን በአማርኛ የሚያነብ የስልክ አፕ ሠርታ ልትሸጥ ተነሳች እንበል። የአማርኛ ድምፅ አመንጪ ከዜሮ መጻፍ የዓመታት ሥራ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ ግን ተጽፎና ተፈትኖ ተዘጋጅቶላታል። በአፗ ውስጥ አስገብታ መሸጥ ትችላለች? ከቻለችስ ምን ይጠበቅባታል?

ኦፕን ሶርስ ኮድን ከንግድ ሶፍትዌር ጋር ማጣመር ይቻላል፤ በዓለም ላይ ያለ የንግድ ሶፍትዌር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎች ገና ሥራው ሳይጀመር መልስ ማግኘት አለባቸው። ኮዱ የተሰጠው በየትኛው ፈቃድ ነው? ከእኛ ኮድ ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው? ሶፍትዌሩ ለደንበኛ የሚደርሰውስ በምን መልክ ነው? ጥያቄዎቹን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ሦስት ከተሞች፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ምሳሌነት እንመለከታቸዋለን። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ፕሮግራመሮችና ደንበኞች ነገሩን ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው፤ ሶፍትዌሮቹ፣ ፈቃዶቹና ሕጎቹ ግን በእውን ያሉ ናቸው።

ባለቤት ያለው ኮድ

ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው አስተሳሰብ «ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ኮድ ባለቤት የለውም» የሚለው ነው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመሰል የአእምሮ ሥራዎች ጋር አንድ ላይ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ጥበቃውን ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ ከተቀረጸ መብቱ አብሮት ይወለዳል። አብዛኛው ዓለምም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ኮድ የጻፈ ሰው ኮዱን ለሕዝብ ገልጦ ሲያስቀምጥ መብቱን አልጣለም።

ኦፕን ሶርስ ፈቃድ ባለቤቱ «በሚከተሉት ሁኔታዎች ሥራዬን ቅዱ፣ አሻሽሉ፣ አሰራጩ» ብሎ አስቀድሞ ለሁሉም የሚሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ሁኔታዎቹ ከተጣሱ ፈቃዱ ይቋረጣል፤ የሚተርፈው ያለ ፈቃድ መቅዳት ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ምንም የፈቃድ ፋይል የተቀመጠ ኮድ ለማንበብ የተገለጠ ነው እንጂ በምርታችን ውስጥ እንድናስገባው የተፈቀደ አይደለም። የፈቃድ ፋይል የሌለው ኮድ ከሁሉም ይበልጥ ጥብቅ ነው። መፍትሔው ለባለቤቱ ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹም በደስታ ይሰጣሉ።

ሦስት የፈቃድ ቤተሰቦች

ፈቃዶቹ በስም ብዙ ናቸው፤ በባሕርያቸው ግን በሦስት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ለቀቅ ያሉት ናቸው። ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቺ 2.0 እዚህ ይመደባሉ። የኤምአይቲ ፈቃድ ከአንድ ገጽ ግማሽ አይበልጥም። ሁለት ነገር ይላል፦ የባለቤቱ ስምና ይህ የፈቃድ ጽሑፍ በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ ይካተት፤ ሶፍትዌሩ የሚሰጠው እንዳለ ስለሆነ ለሚደርሰው ጉዳት ባለቤቱ አይጠየቅም። ይህንን ያከበረ ሰው ኮዱን በዝግ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ ቢሸጥ የሚከለክለው የለም።

አንባቢ የአንድሮይድ ስልክ ካለው አሁኑኑ ያረጋግጥ። «ቅንብሮች» ውስጥ ገብቶ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ክፍል፣ ከዚያም ሕጋዊ መረጃ የሚለውን ይክፈት። ጣት እስኪደክም የሚሳብ የፈቃድ ጽሑፍ ያገኛል። ያ ሁሉ ጽሑፍ እዚያ የተቀመጠው ፈቃዶቹ ስለሚያስገድዱ ነው። በስልኩ ውስጥ ካሉት ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ከሚገለገሉባቸው ዝግጁ የኮድ ስብስቦች፣ አንዱ አይሲዩ ይባላል፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የዩኒኮድ ማኅበር ነው። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ከአሥራ ሦስት ወሩና ጳጉሜን 5 ወይም 6 ከምትሆንበት ስሌት ጋር የያዘው ይህ ላይብረሪ ነው። የአፕል አይፎን የሚሠራው በዝግ ሶፍትዌር ነው፤ የኢትዮጵያን ቀን ማስላት የሚችለው ግን በዚሁ ክፍት ኮድ ታግዞ ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት ሪፖርት እንዲሰበሰብበት የመረጠው ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን የሚሰጠው በቢኤስዲ ፈቃድ ነው። ከእሱ ጋር የሚገናኝ የንግድ ሶፍትዌር ሠርቶ ለክሊኒኮች መሸጥ የሚፈልግ ሰው ፈቃዱ በሩን ከፍቶለታል።

ሁለተኛዎቹ አጸፋ የሚጠይቁት ናቸው። ዋናው ጂፒኤል ነው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን የመጀመሪያውን እትም እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣ፤ ሁለተኛው በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ተከተሉ። ሊኑክስ ከርነል፣ የአንድሮይድ ስልኮችም የብዙ ራውተሮችም ልብ፣ በሁለተኛው እትም የተሰጠ ነው። ጂፒኤል መሸጥን አይከለክልም፤ በፈለግነው ዋጋ መሸጥ እንችላለን። የሚለው ይህ ነው፦ የእኔን ኮድ ከራስህ ጋር አዋሕደህ አንድ ፕሮግራም አድርገህ ለሌላ ሰው ካስተላለፍክ፣ ለዚያ ሰው የጠቅላላውን ፕሮግራም ሶርስ ኮድ በዚሁ ፈቃድ ትሰጠዋለህ። በዚህ ረገድ እንደ እርሾ ነው፤ ሊጡ ከቦካ በኋላ ይህ የእኔ ዱቄት፣ ያ የጎረቤቴ እርሾ ብሎ መለየት አይቻልም።

ሦስተኛው ኤልጂፒኤል በሁለቱ መካከል ይቆማል። ላይብረሪውን ራሱን ካሻሻልን ማሻሻያውን እንድንከፍት ይጠይቃል፤ ላይብረሪውን የሚጠቀመው የራሳችን ፕሮግራም ግን ተጠቃሚው የላይብረሪውን ሌላ እትም መተካት እስከቻለ ድረስ ዝግ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሰበታ፦ መገጣጠሚያው የት ነው?

ወደ ሰበታዋ ፕሮግራመር እንመለስ። ኢስፒክ ኤንጂ የተሰጠው በጂፒኤል ሦስተኛ እትም ነው። በአፗ ውስጥ እንደ ላይብረሪ አስገብታ አንድ ላይ ካጠናቀረችው፣ አፑን የጫነ ሰው ሁሉ የአፑን ሙሉ ሶርስ ኮድ የመጠየቅ መብት ያገኛል። የመጽሐፍ ማውጫውን ያደራጀችበት፣ የክፍያ ሥርዓቱን ያገናኘችበት ኮድ ሁሉ ይከፈታል። መሸጥ ትችላለች፤ ነገር ግን አፑን የገዛ ሰው መልሶ በነጻ ቢያሰራጨው ልትከለክለው አትችልም።

ሌላ መንገድ አለ፤ ንድፉን የሚለውጥ መንገድ። አንድሮይድ ጽሑፍን ወደ ድምፅ ለመለወጥ ለሁሉም አፕ የተዘረጋ መገናኛ አለው። አፑ «ይህን አረፍተ ነገር አንብብልኝ» ብሎ ለስልኩ ያቀብላል፤ ስልኩ ደግሞ ተጠቃሚው ወደ መረጠው ድምፅ አመንጪ ያስተላልፋል። ኢስፒክ ኤንጂ ለአንድሮይድ ራሱን ችሎ የሚጫን እትም አለው። ተጠቃሚው እሱን ለብቻው ከጫነ፣ አፑና ድምፅ አመንጪው ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ በስልኩ አማካይነት ይነጋገራሉ እንጂ አልተዋሐዱም። የአፗ ኮድ የራሷ እንደሆነ ይቀራል። ለተጠቃሚውም ይበጃል፤ ነገ የተሻለ የአማርኛ ድምፅ ሲወጣ አፑ ሳይለወጥ ድምፁን ብቻ ይቀይራል።

መለያው መስመር የት እንደሚሰመር ባለሙያዎች ይከራከራሉ። በአንድ የማኅደረ ትውስታ ክፍል ውስጥ ተጠናቅረው የሚሠሩ፣ ውስጣዊ መረጃቸውን የሚጋሩ ክፍሎች አንድ ሥራ ተደርገው ይታያሉ። ለየብቻ የሚነሱና በታወቀ ሕዝባዊ መገናኛ ትእዛዝና ውጤት ብቻ የሚለዋወጡ ፕሮግራሞች ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው የሚለው በሰፊው ተቀባይነት አለው። ከሁለቱ መሃል ያለው ቦታ ጭጋጋማ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ምርቱን እዚያ አይተክልም።

የኤንቪዲኤ ባለቤቶች ይህን ጭጋግ ራሳቸው ገፈውታል። ፕሮግራሙን በጂፒኤል ሁለተኛ እትም ሲሰጡ ሁለት ልዩ አንቀጾች ጨመሩበት። አንደኛው፣ በጂፒኤል ያልተሰጡ ተጨማሪ ክፍሎችና እንደ ድምፅ አመንጪ ያሉ አገናኞች ከኤንቪዲኤ ጋር እንዲጣመሩ ይፈቅዳል፤ ሁለተኛው የማይክሮሶፍትን ሊሰራጭ የሚችል ኮድ ይመለከታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥሩ ጥሩ ድምፆች በንግድ ኩባንያዎች እጅ ናቸው፤ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በፈቃድ ክርክር ምክንያት የለመደውን ድምፅ ማጣት የለበትም። ይህንን ማድረግ የቻሉት የኮዱ ባለቤቶች ስለሆኑ ነው። ፈቃድ የሰጠ እጅ ፈቃዱን ማስፋትም ይችላል፤ ለዚህ ነው ባለቤቱን ጽፎ መጠየቅ ሁልጊዜ ከአማራጮቹ አንዱ የሚሆነው።

ቡራዩ፦ ሶፍትዌሩ የሚሠራው በማን ማሽን ላይ ነው?

ቡራዩ ላይ ሁለት ወጣቶች ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ የፊደል ግድፈት ማረሚያ ለመሥራት ተነሱ እንበል። ገበያው አለ፤ በከተማዋ ሁለቱም ቋንቋዎች በየቢሮው፣ በየማተሚያ ቤቱ ይጻፋሉ። ችግሩ የቋንቋዎቹ ባሕርይ ነው። «አልሰበሩትም» የሚለውን አንድ ቃል እንውሰድ፦ «አል» እና «ም» አሉታ፣ «ሰበር» ከ«ስብር» ሥር የወጣ ግስ፣ «ኡ» ብዙ አድራጊዎች፣ «ት» ተደራጊ። ከአንድ ሥር በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ይወጣሉ፤ ሁሉንም በዝርዝር መዝግቦ ማረሚያ መሥራት አይቻልም። ቃሉን የሚተነትን ፕሮግራም ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለ። ማይክል ጋሰር የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ያዘጋጁት ሆርንሞርፎ የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ይተነትናል። የተሰጠው በጂፒኤል ሦስተኛ እትም ነው። ወጣቶቹ በኮምፒውተር ላይ በሚጫን ማረሚያ ውስጥ አዋሕደው ከሸጡት የማረሚያውን ሙሉ ኮድ ለገዢው መስጠት አለባቸው።

በሰርቨር ላይ አስቀምጠውት ደንበኛው ጽሑፉን በድረ ገጽ ልኮ እርማቱን ብቻ ቢቀበልስ? እዚህ ላይ ጂፒኤል ዝም ይላል። ግዴታው የሚነሳው የፕሮግራሙ ቅጂ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው፤ በራስ ማሽን ላይ አሻሽሎ መጠቀም ግዴታ አያስከትልም። ደንበኛው የተቀበለው እርማት ነው እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም። ስለዚህ ወጣቶቹ አገልግሎቱን በወርሃዊ ክፍያ እየሸጡ ኮዳቸውን ዝግ አድርገው መያዝ ይችላሉ።

ይህ ክፍተት የታየው ቀደም ብሎ ስለነበር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ኤጂፒኤል የተባለ ፈቃድ ወጣ። ኤጂፒኤል የሆነ ፕሮግራም ከተሻሻለ በኋላ በኔትዎርክ በኩል ለሰዎች አገልግሎት ከሰጠ፣ የተሻሻለው ኮድ ለእነዚያ ተጠቃሚዎች መቅረብ አለበት። በስሙ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ትልቅ ልዩነት አላት። የሰርቨር አገልግሎት የሚሠራ ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ይህችን ፊደል ነው።

ወጣቶቹ የሕጉን ፊደል ጠብቀው ኮዳቸውን ዝግ ማድረግ ቢችሉም፣ በሆርንሞርፎ ውስጥ ያገኙትን ስሕተት አርመው ለባለቤቱ መመለስ ይገባቸዋል የሚል እምነት አለኝ። ለቋንቋዎቻችን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ የተቃና ስሕተት ነገ መልሶ የሚጠቅመው ያቃናውን ሰው ነው፤ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ማስተካከያውን እንደገና ከመለጠፍ ያድነዋል።

ሱሉልታ፦ ውሉ ምን ይላል?

በሱሉልታ ውሃ የሚያሽግ አንድ ፋብሪካ መጋዘኑን፣ ሽያጩንና ደመወዙን በአንድ ሥርዓት ማስተዳደር ፈለገ እንበል። የተቀጠረው የሶፍትዌር ድርጅት ኦዱ የተባለውን የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መረጠ። ኦዱ የቤልጂየም ኩባንያ ሥራ ሲሆን ሁለት መልክ አለው። የማኅበረሰብ እትሙ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኤልጂፒኤል ይሰጣል፤ ኢንተርፕራይዝ የተባለው እትም ዝግ ነው፣ በደንበኝነት ክፍያ ይገኛል። ኩባንያው ቀድሞ ከተጠቀመበት ኤጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል የተሻገረው ሌሎች ዝግ ሞጁሎችን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍሎችን፣ ሠርተው እንዲሸጡበት መንገድ ለመክፈት ነው።

ድርጅቱ የኢትዮጵያን የደመወዝ ሕግ የያዘ ሞጁል ይጽፋል፦ የሥራ ግብር፣ 7 በመቶ የሠራተኛና 11 በመቶ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚዘጋ የደመወዝ ወር። ይህ ሞጁል የድርጅቱ የራሱ ሥራ ነው፤ ዝግ አድርጎ ለአሥር ፋብሪካ ሊሸጠው ይችላል። የኦዱን ዋና ኮድ ከነካካ ግን ያንን ለውጥ ለተቀባዩ በኤልጂፒኤል ይሰጣል።

ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። ለኦዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎች በኢንተርኔት ላይ አሉ። ብዙዎቹ፣ በተለይ የኦዱ ማኅበረሰብ ማኅበር የሚያወጣቸው፣ በኤጂፒኤል የተሰጡ ናቸው። አንዱን አውርዶ ከዝጉ ኢንተርፕራይዝ ሞጁል ጋር አዋሕዶ ማስረከብ ሁለት የማይታረቁ ግዴታዎችን መሸከም ነው፤ አንዱ ክፈት ይላል፣ ሌላው ዝጋ ይላል። እያንዳንዱ የኦዱ ሞጁል ማኒፌስት የሚባል ትንሽ ፋይል አለው፤ በውስጡ ስሙ፣ እትሙ፣ የሚደገፍባቸው ሞጁሎች ዝርዝርና ፈቃዱን የሚናገር አንድ መስመር ይገኛል። ሞጁሉን ከመጫን በፊት ያንን መስመር ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሚደገፍባቸው ሞጁሎችም የየራሳቸው መስመር አላቸው፤ ሰንሰለቱ እስከ ታች መታየት አለበት።

ከዚያ ውሉ ይመጣል። አዋጅ 410/1996 በሥራ ቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ውሉ ዝም ካለ ያ የተደከመበት የደመወዝ ሞጁል የፋብሪካው ንብረት ሆኖ ሊቀር ነው፤ ድርጅቱ ለሁለተኛ ደንበኛ ሊሸጠው ቢሞክር ክርክር ይገጥመዋል። በሌላ በኩል ገዢዎች «ሶፍትዌሩ ከነሙሉ ባለቤትነቱ ይተላለፋል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይወዳሉ። ድርጅቱ ይህንን ከፈረመ የእሱ ያልሆነውን የኦዱን ኮድ ባለቤትነት ለመስጠት ቃል ገባ ማለት ነው። ማንም የሌለውን መስጠት አይችልም።

ጥሩ ውል ሶፍትዌሩን በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ለዚህ ፋብሪካ ብቻ የተጻፈው ነው፤ ባለቤትነቱ ይተላለፋል። ሁለተኛው ድርጅቱ ለብዙ ደንበኞች የሚጠቀምበት የራሱ ሞጁል ነው፤ ፋብሪካው የመጠቀም ፈቃድ ያገኛል። ሦስተኛው ኦፕን ሶርሱ ነው፤ በየፈቃዱ ስም ተዘርዝሮ በአባሪ ይቀመጣል። ገዢውም ይህንን ዝርዝር መጠየቅ አለበት። ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ ፋብሪካው ሥርዓቱን ለሌላ ባለሙያ ሰጥቶ የሚያስቀጥለው ምን ምን እንደያዘ ሲያውቅ ነው።

ፊደላችንን የያዙት ፈቃዶች

ፈቃድ ፕሮግራመርን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከማይክሮሶፍት ጋር የመጣ ዝግ ሥራ ነው። በዊንዶውስ ላይ ደብዳቤ ልንጽፍበት እንችላለን፤ ፋይሉን ገልብጠን በምንሸጠው አፕ ውስጥ ማስገባት ግን አልተፈቀደልንም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ለፎንት በተዘጋጀው ኦፕን ፎንት ላይሰንስ የተሰጡ ናቸው። ይህ ፈቃድ ፎንቱን ከማንኛውም ሶፍትዌር ጋር፣ ዝግም ቢሆን፣ አብሮ ለመሸጥ ይፈቅዳል። የሚከለክለው ፎንቱን ብቻውን መሸጥን ነው። የተሻሻለ ፎንትም ባለቤቱ ለራሱ ባስቀረው ስም መጠራት የለበትም፤ የፈቃዱ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። በፎንቱ የተጻፈ የሠርግ ጥሪ ወይም መጽሐፍ ምንም ግዴታ የለበትም።

ኪይማን ደግሞ ከዝግ ወደ ክፍት የተሻገረ መሣሪያ ነው። በአማርኛ ለመጻፍ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ይህ ሶፍትዌር ለረጅም ጊዜ ታቩልትሶፍት የተባለ ኩባንያ የንግድ ምርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ገዛውና በ2017 በኤምአይቲ ፈቃድ ከፈተው። የግዕዝ ኪቦርድ በአፑ ውስጥ ማካተት የሚፈልግ የአገር ቤት ባለሙያ ዛሬ ሞተሩን ሳይከፍል ማግኘት ይችላል፤ የሚጠበቅበት የፈቃዱን ማስታወሻ ማካተት ብቻ ነው።

የሚጠይቅ አለ?

«ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ይከሰኛል?» የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሥራዎችን በአገሮች መካከል የሚያስጠብቀውን የበርን ስምምነት ሳትቀላቀል ረጅም ዘመን ቆይታለች፤ በዚህም ምክንያት የውጭ ደራሲ በአገራችን ፍርድ ቤት የሚያገኘው ጥበቃ ጠባብ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን አፕ ድንበር አያውቅም። በጎግል ፕሌይ ላይ የወጣ የአማርኛ አፕ በዚያው ቀን በዋሽንግተንና በለንደን ላሉ ኢትዮጵያውያን ይደርሳል፤ የኮዱ ባለቤት አቤት ካለ ደግሞ መደብሩ አፑን ሊያነሳው ይችላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ጥያቄ አቅርባለች፤ የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት የኮምፒውተር ፕሮግራም በበርን ስምምነት መሠረት እንደ ድርሰት እንዲጠበቅ ያስገድዳል።

ፍርድ ቤቶችም ተናግረዋል። በአሜሪካ ሮበርት ጃኮብሰን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የአሻንጉሊት ባቡሮችን የሚቆጣጠር ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ከባልደረቦቹ ጋር ጽፎ ነበር። አንድ የንግድ አምራች ፋይሎቹን ወስዶ የጸሐፊዎቹን ስም ሳያካትት ሸጠባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ኮዱ በነጻ ቢሰጥም የፈቃዱ ሁኔታዎች በቅጅ መብት ሕግ የሚያስጠይቁ ናቸው ሲል ወሰነ። የደቡብ ኮሪያው ሃንኮም ደግሞ ጎስትስክሪፕት የተባለውን ፕሮግራም በቢሮ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ባለቤቱ አርቲፌክስ ሁለት ምርጫ አስቀምጧል፦ ወይ ኮድህን ክፈት፣ ወይ ለንግድ ፈቃድ ክፈል። ሃንኮም ሁለቱንም አላደረገም በሚል ተከሰሰ፤ የካሊፎርኒያው ፍርድ ቤት በ2017 ክሱ ይቀጥል ካለ በኋላ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ከእነዚህ ክሶች ይልቅ የራውተር አምራቹ የሊንክሲስ ታሪክ ለእኛ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኩባንያው ራውተር ውስጥ የሊኑክስ ኮድ መኖሩ ታወቀ፤ ኮዱ የገባው በአቅራቢዎች ሰንሰለት በኩል ነበር። ኩባንያው በግፊት ሶርስ ኮዱን አወጣ፤ ከዚያም ኦፕን ደብልዩአርቲ የተባለው የራውተር ሥርዓት ተወለደ። ከንዑስ ተቋራጭ የተቀበልነው ኮድ ግዴታውን ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን። ጥፋት ከተገኘም ጊዜው አላለፈም፤ የጂፒኤል ሦስተኛ እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ላጠፋ ሰው፣ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካረመ፣ ፈቃዱን ይመልስለታል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህ ሁሉ በተግባር ሲመነዘር ከባድ ሥራ አይደለም። ፕሮጀክቱ በተጀመረ ቀን አንድ ዝርዝር ይከፈት፤ እያንዳንዱ የውጭ ላይብረሪ ስሙ፣ እትሙ፣ ፈቃዱ፣ የተወሰደበት ቦታ ይመዝገብበት። አዲስ ላይብረሪ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ዝርዝሩን ይሙላ። ለቀቅ ያሉት ፈቃዶች ሲሆኑ የባለቤቶቹን ስምና ጽሑፉን የሚያሳይ ገጽ በአፑ ውስጥ ይዘጋጅ። ኤልጂፒኤል ሲሆን ላይብረሪው ሊተካ በሚችል መልክ ለብቻው ይቀመጥ። ጂፒኤል ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ይመረጥ፦ የእኛንም መክፈት፣ ሁለቱን ፕሮግራሞች ለይቶ በታወቀ መገናኛ ማገናኘት፣ ወይም ከባለቤቱ የንግድ ፈቃድ መግዛት። ኤጂፒኤል ሲሆን የሰርቨር አገልግሎትም ግዴታ እንዳለበት ይታወስ። ከፍ ያለ ገንዘብ ያለበት ሥራ ሲሆን ውሉን የአእምሯዊ ንብረት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው።

ፈቃድ የሚያስረን ብቻም አይደለም። የሱሉልታው ድርጅት የቀን መቁጠሪያውን ክፍል፣ የቡራዩ ወጣቶች የቃላት ስብስባቸውን መልሰው ለሕዝብ መስጠት ቢፈልጉ የሚጠብቃቸው ይኸው ሥርዓት ነው። ሁሉም እንዲጠቀምበት የሚሹትን በኤምአይቲ፣ የተጠቀመበት ሁሉ አጸፋውን እንዲመልስ የሚሹትን በጂፒኤል ይስጡ። እንደ አርቲፌክስ በሁለት መንገድ የሰጠ ደግሞ መክፈት ከማይፈልገው ኩባንያ ገንዘብ ያገኛል። ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ ዛሬ የጎደሉት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ጽፎ የሚያስቀምጣቸው ሰው ልፋቱ እንደሚከበርለት ማወቅ አለበት። የሌላውን ፈቃድ የሚያከብር የሶፍትዌር ገበያ ካልገነባን የራሳችንን ሥራ የሚያከብርልን ገበያ አይኖረንም።